ብርዝ ለወፍ

አማቴ ከጎጃም በሻንጣቸው ይዘውት የመጡት ማር ጉምሩኩን አልፎ፣ ከብርዱ ወራት የቀረውን በኩሽናችን መደርደሪያ ላይ ከርሞ፣ መጀመሪያ የቀመሰው ሰው ሳይሆን ወፍ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። አሁን እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ያን ሰሞን ግን ሣቅ የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፍቶ ነበር።

የምንኖረው በሰው አገር፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ነበር፤ የአንድ አሮጌ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይተን። ቤቱ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይንቋቋል፤ ነገር ግን ጓሮ አለው። ጓሮ ስል ሰፊ መሬት እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት አልጋ ቢዘረጋ የሚሞላ ሣርና ደረጃ ያላት የእንጨት በረንዳ ነች። እኔ ያኔ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ መጋዘን የሌሊት ሺፍት እሠራ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ቀን ቀን ትሠራለች። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፤ በር ላይ ተሳስመን እንለያያለን። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት የምንቀረው እኔና የባለቤቴ እናት ብቻ ነን።

አማትና አማች አንድ ጣሪያ ሥር መዋል ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። አማቴ እንዳደጉበት ወግ አማቻቸው ፊት እህል አይቀምሱም። እኔ ኩሽና ስገባ እሳቸው ክፍላቸው ይገባሉ፤ እኔ ስተኛ ኮቴያቸውን አጥፍተው ይወጣሉ። ምሳ በልተው እንደሆነ ስጠይቃቸው "በልቻለሁ ልጄ" ይላሉ። ድስቱን ከፍቼ ሳየው ማንም አልነካውም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ሌሊቱን ካርቶን ስሸከም አድሬ ጠዋት ላይ የሰው ሆድ መለማመጥ አልችልበትም። "እማማ፣ ይብሉ እንጂ! እዚህ አገር ማን ያየናል?" ብዬ እጮሃለሁ። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ። እኔም ተናድጄ እተኛለሁ።

ነገሩ ግን ወግ ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ስፖንሰር ያደረገችው እናትና አባቷን አንድ ላይ ነበር። ጉዳዩ ዓመታት ፈጀ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አባቷ አረፉ፤ ለሁለት የተጀመረው መንገድ ለአንድ ሰው ሆነ። አማቴ ጥቁራቸውን እንደለበሱ መጡና ከመጡ ማግስት ጀምሮ የሚሉት አንድ ቃል ብቻ ሆነ፦ "መልሱኝ።" ባለቤቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ታመምኩም አለች። በመጨረሻ በግድ አንድ ነገር አስማማቻቸው፤ የዚህን አገር በጋ ያዩና ልባቸው ካልረጋ፣ ፍልሰታን ባላቸው ባረፉበት ደብር እንዲጾሙ ትልካቸዋለች። ከዚያ በኋላ ቤታችን የፍርድ ቀጠሮ እንደሚጠብቅ ሰው ቤት ሆነ። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ታለቅሳለች፤ እኔ ሰምቼ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።

ከማሩ ሌላ አማቴ አንድ ሙዳይ ይዘው ነበር የመጡት፤ ውስጡ እንዝርትና የተባዘተ ጥጥ። ለባላቸው ጋቢ ሊሆን ተጀምሮ፣ ፈትሉ ሳያልቅ ሰውየው ያረፉበት ጥጥ ነው። ባለቤቴ "ይህን እዚህ ድረስ ምን አሸከመሽ?" ብትላቸው "የትስ እጥለዋለሁ?" አሉ። ሙዳዩ አልጋ ሥር ገባና እዚያው ቀረ።

ወፏ የመጣችው በግንቦት ነው። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ጢንዚዛ መስላኝ ነበር። ከሥራ ገብቼ በረንዳው ላይ ሻይ ስጠጣ ጆሮዬ አጠገብ አንድ ነገር እምምም አለ። የሚናደፍ ነገር ነው ብዬ ባርኔጣዬን አነሣሁ። ዝንብ እንዳይገባ ከተሠራው የወንፊት በር ጀርባ "ተው! ወፍ ናት!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። አማቴ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ባርኔጣዬ አየር ላይ ቀረ።

እውነትም ወፍ ነበረች። ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም፤ ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ አፏ እንደ መርፌ የቀጠነ። ክንፏ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። አየር ላይ ቆማ አየችን፤ ከዚያ እንደ መኪና ወደ ኋላ ተመልሳ፣ ዞር ብላ፣ በአጥሩ ላይ ጠፋች። ወደ ኋላ የሚበር ወፍ አይቼ አላውቅም። አማቴም አላዩም፤ ነጠላቸውን መሳብ ረስተው በሩን ከፍተው ወጡ።

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖረው ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ ፖርቱጋላዊ ግንበኛ ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ እንግሊዝኛ ግን አንቱታ ስለማያውቅ እዚህም አልጨምርለትም። ስለወፏ ብጠይቀው ፊቱ በራ። ሃሚንግበርድ እንደምትባል፣ ብርዱን ከባሕር ማዶ ሞቃት አገር ከርማ በየዓመቱ በግንቦት እንደምትመለስ፣ ክብደቷ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እንደማይበልጥ፣ ጉሮሮው ቀይ የሆነው ወንዱ እንደሆነ ነገረኝ። ቤቱ ገብቶ ቀይ ክዳን ያለው፣ ተገልብጦ የሚሰቀል የመጠጫ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። "አራት እጅ ውሃ፣ አንድ እጅ ስኳር። ሌላ ምንም አትጨምር" አለኝ። ይህችን "ሌላ ምንም" የምትለዋን ለአማቴ መተርጎም ረሳሁ ልበል? አልረሳሁም፤ ተርጉሜያለሁ። እሳቸው ናቸው ያልተቀበሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋታችን ተለወጠ። ወፏ የምትመጣው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው፤ እኔም ከሥራ የምገባው ያኔ ነው። ጎረቤታችን እንዳለው ሌሊት ሲበርዳት ልቧ ቀዝቅዞ እንደ ሙት ሆና ታድራለች፤ ሲነጋ ነፍስ ዘርታ የመጀመሪያ ሥራዋ መጠጣት ነው። አማቴ ከእኔ ቀድመው ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እኔ በላይኛው፣ እሳቸው በታችኛው ደረጃ ሆነን እንጠብቃለን። ትመጣለች፤ ምላሷን ሰድዳ ትጠጣለች፤ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ አፏን ወዲያና ወዲህ ትጠርጋለች። ሌላ የእሷ ቢጤ ብቅ ካለ ግን ጉድ ነው። ያን የምታህል ነገር እንደ ፍላጻ ተወርውራ ታባርራለች። "አቤት ቁጣ! አንተን ነው እኮ የምትመስል" አሉኝ አንድ ቀን፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሡ። ከፊታቸው ዳቦ ነበር። ቆርሰው በሉ። እኔ ፊት መሆናቸውን ረስተውታል። ሻዬን እንኳ ማንሣት ፈራሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሙዳዩ ከአልጋ ሥር ወጣ። እንዴት እንደወጣ አላየሁም፤ ብቻ አንድ ጠዋት አማቴ ደረጃው ላይ እንዝርታቸውን ሲያሾሩ አገኘኋቸው። "ባዶ እጅ ተቀምጦ መጠበቅ ደግ አይደለም" አሉ። ወፏንም "ገዴ" ይሏት ጀመር። "ገዴ ዛሬ ዘገየች" ይላሉ፤ "ገዴን ያቺ ሌላዋ ቀናተኛ ወፍ ልታባርርብኝ ነው" ይላሉ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ፈትሉን አይታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ውሃውን ከፈተች። ብቻ የዚያን ቀን ለቅሶ ሌላ ነበር። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ትስቃለች። "አየሃት? እየፈተለች እኮ ነው!" አለችኝ። አየኋቸው እንጂ።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። አማቴ ዘንድ ይህ ተረት አይሠራም። እንግዳቸው በሰነበተ ቁጥር የሚያቀርቡለት ይበዛል። ከስኳር ውሃው ጋር ገና ከመጀመሪያው ቀን አልተዋደዱም። "ባሕር ተሻግሮ ለመጣ እንግዳ የሱቅ ስኳር በጥብጦ መስጠት? ማር እቤት እያለ? ይህ ስስት ነው" ይሉኝ ነበር። እኔም "እማማ፣ ወፍ ናት እኮ" ብዬ አልፌዋለሁ። ለካ እኔ ስተኛ የስኳሩን ውሃ እየደፉ ብርዝ ይሞሉላት ኖሯል። ማሩን በለብታ ውሃ በጥብጠው፣ በነጠላ አጥልለው፣ ልክ እንደ ሰርግ ዕለት። ወፏም አልናቀችባቸውም፤ ትጠጣለች።

ያወቅሁት ጠርሙሱ ቢጫ ሆኖ፣ አፉ ላይ አረፋ ይዞ ሳየው ነው። ከሥራ ገብቼ ቀና ብዬ ሳይ ጠጅ የተሰቀለ መሰለኝ። አማቴ ሥሩ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ጎረቤታችን ቲማቲሙን ውሃ ሊያጠጣ ወጥቶ እሱም አየው። "ምንድን ነው ያደረጋችሁበት?" አለ። "ማር ነው መሰለኝ" አልኩት። ቱቦውን ጣለ። ማር በውሃ ሲሆን ቶሎ እንደሚፈላ፣ ሻጋታ እንደሚያወጣ፣ ወፏ ምላሷ አብጦ መዋጥ አቅቷት ልትሞት እንደምትችል ነገረኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ደንግጦ ነው። እኔ ግን በምላሹ ተቆጣሁበት፤ ደግነት ነው ሌላ አይደለም አልኩት። ቃል ሲያስፈልገኝ ሁልጊዜ የሚቀድመኝ ቁጣዬ ነው።

"ምን አለ ሰውየው?" አሉ አማቴ። እንዝርቱ ቆሟል።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን የሰውየውን ፊት አይተውታል፤ ፊት ደግሞ አስተርጓሚ አይፈልግም። እንዳለ ነገርኳቸው።

እንዝርቱን ሙዳዩ ውስጥ አስቀመጡ። ቀና ብለው ጠርሙሱን አዩት። ከዚያ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው በማላውቀው ድምፅ ተናገሩ። "አባታችሁም ብርዝ አምጪ አሉኝ። የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ ሐኪሙ ጣፋጭ የሚባል እንዳይደርስባቸው ብሎ አስጠንቅቆኛል። እሳቸው ግን ለመኑኝ። ያን የመሰለ ሰው እንደ ሕፃን ለመነኝ። በጥብጬ ሰጠኋቸው። ጠጡና 'እፎይ' አሉ። ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ።" ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። "ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ደግሞ ይችን። እጄ ነው። የእኔ እጅ ነው።"

እነሆ ዳቦዋን እስከቆረሱባት ቀን ድረስ ሲበሉ ያላየናቸው፣ መልሱኝ ሲሉ የከረሙት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ባሌን የገደልኩ እኔ ነኝ ብለው ያምኑ ነበር። "እማማ፣ አባባን የወሰዳቸው ሕመማቸው ነው እንጂ..." ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም፤ እሳቸው ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘግተዋል። ሙዳዩ ክፍቱን በረንዳው ላይ ቀረ። ማንም አላነሣውም።

ጠርሙሱን በፈላ ውሃና በኮምጣጤ አጠብኩት፤ አራት እጅ ውሃ፣ አንድ እጅ ስኳር አድርጌ ሰቀልኩት። ወፏ አልመጣችም። በማግሥቱም አልመጣችም፤ በሚቀጥለውም። እኔ ከመጋዘን ስመለስ ጎሕ ሲቀድ ደረጃው ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ፤ እምምም የሚለውን ድምፅ ስጠብቅ መኪና ያለፈ እንደሆነ ቀና እላለሁ። አማቴ ሲተኙ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ሣሩን በእጄ እየገለጥኩ ሬሳዋን ፈለግሁ። ካገኘኋት እሳቸው ሳያዩ ልቀብራት ነበር ሐሳቤ። አላገኘኋትም። ይህም አላጽናናኝም፤ ያን የምታህል ነገር ድመት አንዴ ቢጎርሳት ምን ምልክት ይተርፋል?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? አማቴ እንደገና ድስቱን መንካት አቆሙ። ለልጃቸው ስለ ብርዙ ምንም አልነገሯትም፤ እኔም የሰው ምሥጢር ነው ብዬ አልነገርኳትም። እሷ የምታየው እናቷ እንደገና መዘጋታቸውን ብቻ ነው። አንድ ማታ ለሥራ ልወጣ ስል በሩ ላይ ያዘችኝ። "ፍልሰታንም አልጠብቅም፣ አሁኑኑ ላኪኝ አለችኝ። ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ ጠዋት ቲኬቱን ቡክ አደርጋለሁ። ምን ላድርግ? በግድ አላስራት" አለችኝ። አላለቀሰችም። ማልቀሷን የተወች ዕለት ነው እኔ የፈራሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርጄ በጓሮ በኩል ገባሁ። ፀሐይ ገና አጥሩ ላይ ደርሳለች። ዓይኔ ልማድ ሆኖበት ጠርሙሱን አየ፤ ምንም የለም። ከዚያ ከታች እምምም አለ። ዞር ስል ሙዳዩ ላይ አየር ላይ ቆማለች። ወፏ! አፏን ወደ ባዘቶው ሰድዳ ጥጥ ትጎትታለች። ጎተተች፣ ወደ ኋላ በረረች፣ ተመለሰች፣ ጨመረች። ቀና ስትል አፏ ላይ የተንጠለጠለው ጥጥ የሽማግሌ ጺም አስመስሏታል።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ባለቤቴ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች፤ አልፌያት ሄጄ የአማቴን በር በቡጢ ደበደብኩት። "እማማ! ይውጡ! አለች! ገዴ አለች!" በሩ ተከፈተ። ነጠላቸውን እስኪያደርጉ እንኳ አልጠበቅኩም፤ እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። አማች የአማቱን እጅ እንዲህ ሲጎትት አገር ቤት ቢታይ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ወንፊቱ በር ጋ ስንደርስ ወፏ ለሌላ ዙር ተመልሳለች። አማቴ እጄን አጥብቀው ይዘውኛል። ጥጧን ነቅላ፣ አንዴ ወደ እኛ አይታ፣ አጥሩን ተሻግራ ከጎረቤታችን የሜፕል ዛፍ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ጠፋች።

ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምቶ በፒጃማው ወጥቷል። የምን ቂም! ሩቅ የሚያሳየውን መነጽር አምጥቶ በአጥሩ ላይ አቀበለን። መጀመሪያ እኔ አየሁ፤ ቅርንጫፉ ላይ የበቀለ ጉጥ ይመስላል፤ ከግማሽ ሎሚ አይበልጥም። ጎጆ ነው። ውጪው ግራጫ የዛፍ ቅርፊት በመሰለ ነገር ተለብጧል፤ ከአፉ ዙሪያ ግን ነጭ ጥጥ ይታያል። ወፏ ውስጡ ተቀምጣ፣ በደረቷ እየገፋች፣ እየዞረች ታለሰልሰዋለች። ጎረቤታችን ጎጆ ስትሠራ ከጠርሙስ እንደምትርቅ፣ ጎጆዋንም በሸረሪት ድር እንደምታስረው ነገረን። ተረጎምኩላቸው። አማቴ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሡ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነበር የማውቀው፤ ቤት ይሠራል አልተባልኩም" አሉ።

ከዚያ መነጽሩን ሰጡኝና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አለቀሱ። ሲያለቅሱም ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ባለቤቴ ሮጣ መጥታ አቀፈቻቸው፤ ምን እንደሆነ አልገባትም። "እጄ አልገደላትም" አሉ፤ "እጄ አልገደላትም። ከአባትሽ ጋቢ ወስዳ ለልጆቿ አነጠፈች።" ከዚያ ያችን ቃል አሏት፦ "እፎይ።" የብርዙን ነገር ለልጃቸው የነገሯት ያን ጊዜ ነው፤ ደረጃው ላይ፣ እጇን ይዘው። እኔ ጫማዬን እንዳደረግሁ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ያደርኩ ሰው አልመስልም ነበር፤ ከላዬ አንድ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

ባለቤቴ ዓይኗን ጠርጋ "እማዬ፣ ቲኬቱንስ? ቡክ ላድርገው ወይስ...?" አለች። አማቴ ወደ ዛፉ አዩ። "እስኪ ልጆቿ ይብረሩ" አሉ።

እንግዲህ የዚያን በጋ ሥራችን ይህ ሆነ። ጎረቤታችን ከመሰላል ላይ ሆኖ ሁለት እንቁላል መኖራቸውን አረጋገጠልን፤ የባቄላ ፍሬ ያህላሉ አለ። አማቴ ወንዱ የት እንዳለ አስጠየቁኝ። ወንዱ በእንቁላሉም በጫጩቶቹም እንደማይገባበት፣ ሁሉንም እሷ ብቻዋን እንደምታደርገው ስነግራቸው "ተው እባክህ! አግብቶ ጠፋ በለኛ። ይህማ እኛም አገር ሞልቷል" ብለው ሣቁ። ዶፍ ሲወርድ መስኮት ላይ ቆመው ቅርንጫፉን ይጠብቃሉ፤ ወፏ ክንፏን ዘርግታ ጎጆዋ ላይ እንደ ክዳን ትተኛለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አማቴም ምግብ ጨመሩ፤ እኔ ፊት ሁለት ጊዜ ማውጣት ጀመሩ። ጠርሙሱን ማጠብና መሙላት የእሳቸው ሥራ ሆነ። ስኳሩን ሲሰፍሩ ግን ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ያልወደዱትን ሥራ የሚሠሩ መሆኑ እንዲታወቅላቸው ይፈልጋሉ።

ጫጩቶቹ በረሩ። ማንም ስለ ቲኬት አላነሣም። ፍልሰታ ገባ፤ አማቴ ጾሙን እዚሁ ጾሙ፤ እኔ ነኝ ከሺፍት ስወጣ በሁለት አውቶቡስ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው። እንቅልፍ አጥቼ ተነጫንጬ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ቁጣዬን ከወፏ ጋር ስላስተያዩት አይሰሙኝም።

መስከረም መጣ። በአገራችን በመስከረም ወፍ ይመጣል እንጂ አይሄድም፤ ዓመት ጠብቆ ብቅ ለሚል ሰው እንኳ የመስቀል ወፍ ነህ እንላለን። የዚህ አገሯ ግን ተቃራኒ ነች፤ ስትጠጣ ሰንብታ፣ ወፍራ፣ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ጠበቅናት፤ ቀረች። በማግሥቱም የለችም። ይህኛው መጥፋት እንደማያስፈራ ጎረቤታችን አስቀድሞ ነግሮናል። እኔና ባለቤቴ ግን ፈራን። አሁን እዚህ የሚይዛቸው ምን አለ? ማታ ማታ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። አማቴ ክፍላቸው ተቀምጠው ያለማቋረጥ ይፈትላሉ፤ ሊጨርሱት የቸኮሉ ይመስላሉ።

የሜፕሉ ቅጠል ረግፎ ጎጆዋ ባዶዋን ከነጥጧ በምትታይበት ሰሞን፣ እራት ላይ "አገር ቤት የሚሄድ ሰው ፈልጉልኝ" አሉ። ባለቤቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። "መቼ ነው መሄድ የፈለግሽው እማዬ?" አለች። አማቴ ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ፤ ሲመለሱ በፌስታል የተሞላ ልቃቂት ይዘዋል። ሁሉም ተፈትሎ አልቋል። "ይህን ለሸማኔው የሚያደርስልኝ ነው የምፈልገው። አባትሽን የሚያውቅ ሸማኔ ነው፤ ጋቢውን ሠርቶ ይልካል። እኔ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?" አሉ። ባለቤቴ ሣቀች፤ እንዳትንፈቀፈቅ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ራት በልቼ አላውቅም ብል አላጋነንኩም፤ ምን እንደበላሁ ግን አላስታውስም።

ፍሌሚንግደን ፓርክ የምትኖር አንዲት የባለቤቴ ወዳጅ ልትሄድ ነው ተባለ። የምትበርበት ዕለት ባለቤቴ ሥራ ስለነበረች አማቴን በጎረቤታችን መኪና ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ልቃቂቱን በእጄ ካልሰጠሁ አይሆንም አሉኝ። ሰጡ። ሸማኔውን የት እንደምታገኘው፣ ጥለቱን ጠበብ እንዲያደርገው፣ ቁመቱ ግን የእኔን ቁመት እንዲሆን ነገሯት። የእኔን ሲሉ ሰምቼ ዞር አልኩ። "ጥጡ ትንሽ ጎድሎ ይሆናል፤ እንግዳ ድርሻዋን ወስዳለች በይው" ብለው ጨመሩ። ሴትዮዋ አልገባትም፤ እሺ አለች።

ስንመለስ በመኪናው መስኮት ሰማዩን ያያሉ። ከላያችን አውሮፕላን ያልፋል። ያ አውሮፕላን በበጋው ሊወስዳቸው የነበረው እንደሆነ አሰብኩ፤ አሁን ፈትሉ ሄደ፣ እሳቸው አጠገቤ ቀሩ። 

"ገዴ መቼ ነው የምትመለስ ያልከኝ?" አሉ።

"ግንቦት ነው እማማ።"

"እንግዲያው የተረፈችውን ማር በጥብጬ እኔና አንተ እንጠጣታለን" አሉ። "ለእሷ ስኳር እንገዛላታለን።"